ትልቅ የጌም ክምችት የሚያደራጅ ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል?

ስቲም ላይ የገዛችኋቸው ጌሞች አሉ። ኤፒክ በየሳምንቱ በነፃ የሚሰጣቸው አሉ። ከጎግ የወረዱ የድሮ ጌሞች አሉ። መደርደሪያው ላይ የፕሌይስቴሽን 2 ዲስኮች፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ደግሞ የሱፐር ኒንቴንዶ ሮሞች (ከካርትሪጅ የተገለበጡ የጌም ፋይሎች) አሉ። ክምችቱ ጥቂት መቶ ከደረሰ በኋላ የትኛው የት እንዳለ በቃል መያዝ አይቻልም። አንዱን ጌም ከሁለት ሱቅ መግዛት ይመጣል። ግማሽ ድረስ የተጫወታችሁት ጌም ተረስቶ ይቀራል።

ይህን ሁሉ አንድ ቦታ የሚሰበስቡ ሶፍትዌሮች ሞልተዋል፤ ብዙዎቹም ነፃ ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ግን መልካቸውን አይቶ ነው። የሚያምር ስክሪንሾት ያያል፣ ያወርዳል፣ አምስት መቶ ጌም ያስገባል። እኔ የማስቀድመው መለኪያ ሌላ ነው፦ ያስገባችሁትን ዝርዝር መልሶ በእጃችሁ የሚሰጥ ሶፍትዌር ምረጡ። የለጠፋችሁት ታግ (መለያ ቃል)፣ የጨረሳችሁትና ያቋረጣችሁት፣ ማስታወሻችሁ፣ ሁሉም የእናንተ ልፋት ነው። ሶፍትዌሩ ቢቆም ወይም ላፕቶፑ ቢበላሽ አብሮ መጥፋት የለበትም።

ሱቆቹ ራሳቸውም ዘላለም አይኖሩም። ጎግል ስታዲያ የተባለውን የጌም አገልግሎቱን በጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ዘጋው። ኒንቴንዶ የ3ዲ.ኤስ እና የዊ ዩ ሱቁን ለአዲስ ግዢ የዘጋው በዚያው ዓመት ማርች 27 ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ የኤክስቦክስ 360ን ሱቅ በጁላይ 29 ቀን 2024 ዘጋ። ዓመተ ምሕረቶቹ እዚህም ወደ ታችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ምን እንደነበራችሁ የሚናገር የራሳችሁ መዝገብ ከሌለ፣ ሱቅ ሲዘጋ የምትይዙት ነገር አይኖርም።

1ኛ ደረጃ፦ ከማውረዳችሁ በፊት ክምችቱን ለዩት

አንድ ወረቀት ይበቃል። ጌሞቹን አንድ በአንድ አትጻፉ፤ በዓይነት ብቻ ቁጠሩ።

የመጀመሪያው ዓይነት በአካውንት ያለ ነው፦ ስቲም፣ ኤፒክ፣ ጎግ፣ ዩቢሶፍት፣ ኢ.ኤ፣ ኤክስቦክስ፣ ፕሌይስቴሽን። እነዚህን ሶፍትዌሩ ከአካውንቱ ጋር ተገናኝቶ ራሱ ያመጣቸዋል። ሁለተኛው ፋይል ነው፦ ሮሞች፣ የዲስክ ኢሜጆች (የአንድ ዲስክ ሙሉ ቅጂ የሆኑ ፋይሎች)፣ ከጎግ አውርዳችሁ ያስቀመጣችኋቸው መጫኛዎች። እዚህ ሶፍትዌሩ በአብዛኛው የፋይሉን ስም አይቶ ይገምታል፤ ግምቱም ይሳሳታል። ሦስተኛው በእጅ የሚያዝ ነው፦ ዲስክና ካርትሪጅ። ይህን እናንተ ካልመዘገባችሁት ማንም አይመዘግበውም።

ከሦስቱ የሚበዛው የትኛው ነው? ምርጫውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የዚህ መልስ ነው። 800 የስቲም ጌም እና 20 ሮም ያለው ሰው፣ 800 ሮም እና 20 የስቲም ጌም ያለው ሰው የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር ቢይዝ አይጠቅመውም።

2ኛ ደረጃ፦ ሁለት ነገር ወስኑ

አንደኛ፣ ጌሙን ከዝርዝሩ ላይ ተጭናችሁ መክፈት ትፈልጋላችሁ ወይስ ምን እንዳላችሁ ማወቅ ብቻ ይበቃችኋል? ሁለተኛ፣ የምትጠቀሙት ዊንዶውስ ነው፣ ማክ ነው ወይስ ሊኑክስ? እነዚህ ሁለት መልሶች ብቻ ከአማራጮቹ ግማሹን ያስወግዱላችኋል።

3ኛ ደረጃ፦ ከዓይነቱ ጋር የሚስማማውን እጩ ምረጡ

ጌሞቻችሁ ከሞላ ጎደል ሁሉም ስቲም ላይ ከሆኑ ሌላ ነገር አታውርዱ። ስቲም ከ2019 የላይብረሪ ማሻሻያው ወዲህ በቂ መሣሪያ አለው። እናንተ የምትሞሏቸው ኮሌክሽኖች አሉ። በማጣሪያ ራሳቸውን የሚሞሉም አሉ። ለምሳሌ «በጆይስቲክ የሚሠሩ፣ ለሁለት ሰው የሚሆኑ» ብላችሁ አንዴ ካዘጋጃችሁ፣ ነገ የምትገዙት ጌም መስፈርቱን ካሟላ ራሱ ይገባል። ከስቲም ውጭ የተጫነ ጌምም በእጅ መጨመር ይቻላል፤ ጥቂት ከሆኑ አያስቸግርም። ብዙ ሲሆኑ ግን አታስቡት።

ከብዙ ሱቅ የገዛ የዊንዶውስ ተጠቃሚ የእኔ ምክር ፕሌይናይት ነው፤ ሳላመነታ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ስቲም፣ ኤፒክ፣ ጎግ፣ ኢ.ኤ፣ ዩቢሶፍት፣ ባትል ኔት፣ ኤክስቦክስ፣ ሁሉንም ወደ አንድ ዝርዝር ያመጣል። ኢሙሌተር (የኮንሶል ጌም ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም) አያይዛችሁ የሮም ፎልደር ማስነበብም ትችላላችሁ። በእጅ ማስገባትም ስለሚፈቅድ የመደርደሪያው ዲስክ እንኳን ቦታ ያገኛል። ሲጫን «ፖርተብል» የሚለውን ከመረጣችሁ መረጃው ሁሉ ከሶፍትዌሩ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ያንን ፎልደር መገልበጥ ማለት ላይብረሪውን መገልበጥ ማለት ነው። ጉድለቱ ማክና ሊኑክስ ላይ አለመኖሩ ነው። አንድ ጌም ከሁለት ሱቅ ሲኖራችሁም ሁለት ቦታ ያሳየዋል፤ ድግግሞሹን የሚደብቅ ተጨማሪ ኤክስቴንሽን ግን አለ።

ጎግ ጋላክሲ ዊንዶውስም ማክም ላይ ይሠራል፣ መልኩም ንጹሕ ነው። ነገር ግን ከሌሎች ሱቆች ጋር የሚያገናኙት ብዙዎቹ ማያያዣዎች ተጠቃሚዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሠሯቸው ናቸው። ሱቁ የመግቢያ አሠራሩን ሲቀይር ማያያዣው ሊቋረጥ ይችላል። ዝርዝሩን ወደ ፋይል የሚያወጡት ስክሪፕቶችም የተጻፉት በተጠቃሚዎች ነው። ይህ ከላይ ባልኩት መለኪያ ወደ ኋላ ያስቀረዋል። ማክ ላይ ከሆናችሁና አማራጭ ካጣችሁ ተጠቀሙበት፤ ብቸኛ መዝገባችሁ ግን አታድርጉት።

ሊኑክስ ላይ ሉትሪስ እና ሂሮይክ አሉ። ሂሮይክ ለኤፒክ፣ ለጎግ እና ለአማዞን ጌሞች ነው፤ ዊንዶውስና ማክ ላይም ይሠራል። ሉትሪስ ሰፋ ያለ ነው፣ ኢሙሌተርም ይይዛል።

ሮም የሚበዛበት ሰው ላውንችቦክስን ይሞክር። የጀመረው ለዶስቦክስ (የድሮ የዶስ ጌሞችን ለሚያጫውተው ፕሮግራም) ጌሞች መክፈቻ ሆኖ ነው፤ ዛሬ ለድሮ ኮንሶሎች ከተሠሩት ሁሉ የተሟላው እሱ ይመስለኛል። ዋናው ነፃ ነው። ቢግ ቦክስ የሚባለው፣ ለቴሌቪዥን የሚሆነው ሙሉ ስክሪን ግን የሚከፈልበት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ በዓለም አቀፍ ካርድ መክፈል ስለሚያስቸግር፣ ነፃው ብቻውን እንደሚበቃችሁ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የምወድለት ነገር መዝገቡን በኤክስ.ኤም.ኤል ፋይል ማስቀመጡ ነው። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ሊኑክስ ወይም ማክ ላይ የእሱን ቦታ ኢ.ኤስ-ዲ.ኢ ይይዛል፤ እሱም የሚነበብ ፋይል ነው የሚጽፈው። ብዙ ኢሙሌተሮችን አንድ ላይ የያዘው ሬትሮአርክ የራሱ ፕሌይሊስት ቢኖረውም ዋና ሥራው ማጫወት ነው። ሺህ ጌም በእሱ ማደራጀት አድካሚ ነው።

ዲስክ የሚሰበስብ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። ሲ.ኤል.ዜድ ጌምስ የሽፋኑን ባርኮድ በስልክ ካሜራ አንብቦ ጌሙን ይመዘግባል፣ ዝርዝሩንም በሲ.ኤስ.ቪ (ኤክሴል በሚከፍተው የሠንጠረዥ ፋይል) ያወጣል። ክፍያ አለው። ባርኮድ የሚሠራው ግን ኦሪጅናል ሽፋን ላላቸው ነው። ብዙዎቻችን ቤት ያለው የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ኮፒ ነው፤ በላስቲክ ከረጢት የገባ፣ ስሙ በማርከር የተጻፈ። ለእንደዚህ ያለው አንድ የኤክሴል ገጽ ይበልጣል። ኦሪጅናል ሆኖ ሽፋኑ የጠፋ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ላይ የታተመውን ኮድ መዝግቡ። በኤስ.ኤል.ዩ.ኤስ የሚጀምር የአሜሪካ እትም ነው፤ በኤስ.ኤል.ኢ.ኤስ የሚጀምር የአውሮፓ። ይህ ኮድ ከስም የበለጠ አስተማማኝ ነው።

4ኛ ደረጃ፦ በአስቸጋሪዎቹ ፈትኑት

እጩውን ከመረጣችሁ በኋላ ሁሉን ነገር በአንዴ አታስገቡ። አንድ ሰላሳ ጌም ምረጡ። ቀላሎቹን ሳይሆን ሶፍትዌር የሚያደናብሩትን። እነዚህ ዓይነቶች ከመካከላቸው ይኑሩ።

ስማቸው አንድ የሆኑ። ሬዚደንት ኢቭል 2 በ1998 ወጣ፣ እንደገና ተሠርቶ በ2019 ወጣ። ጎድ ኦፍ ዋር የ2005 አለ፣ የ2018 አለ። ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዎንትድም እንዲሁ፣ 2005 እና 2012። ሶፍትዌሩ ለአሮጌው የአዲሱን ሽፋን ከለጠፈ፣ በቀላሉ ማረም መቻላችሁን እዩ። ስህተቱ ራሱ ችግር አይደለም፤ ሁሉም ይሳሳታሉ። ማረሙ አምስት መስኮት የሚያስከፍት ከሆነ ግን ለትልቅ ክምችት አይሆንም።

ከአንድ ዲስክ በላይ የሆኑ። ፋይናል ፋንታሲ 7 በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ላይ ሦስት ዲስክ ነው። ዝርዝሩ ላይ ሦስት ጌም ሆኖ መጣ ወይስ አንድ? ብዙ ኢሙሌተሮች ኤም.3.ዩ የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይቀበላሉ። በውስጡ የሦስቱን ዲስኮች ስም በተራ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ሶፍትዌሩን ይህን ፋይል ብቻ አስነብቡት።

ተከታታይ የሆኑ። የኳስ ጌሞች እዚህ ላይ ያስቸግራሉ። በፊደል ተራ ሲደረደር ፊፋ 06 ከፊፋ 98 በፊት ይመጣል። ፊፋ 23 የመጨረሻው ሆኖ ከ2023 ጀምሮ ስሙ ኢ.ኤ ስፖርትስ ኤፍ.ሲ ስለሆነ፣ ተከታዩ ጭራሽ ሌላ ፊደል ስር ይገባል። ዊኒንግ ኢለቨን እና ፔስም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሶፍትዌሩ ግን ይህን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ከሚታየው ስም የተለየ «የመደርደሪያ ስም» መጻፍ ይፈቅዳል ወይ? የተከታታዩን ስም የምትጽፉበት ቦታስ አለ? ፕሌይናይት ሁለቱም አሉት።

የአርኬድ ጌሞች። ማሜ የሚባለው የአርኬድ ኢሙሌተር የሚጠቀምባቸው ፋይሎች ስማቸው አጭር ነው፤ የስትሪት ፋይተር 2 ፋይል ለምሳሌ ሁለት ፊደልና አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «ስሙን ላስተካክል» ብላችሁ አትንኩት። ማሜ ጌሙን የሚያውቀው በዚያ ስም ስለሆነ ከተቀየረ አይከፍተውም። ጥሩ ሶፍትዌር የፋይሉን ስም ሳይነካ ሙሉ ስሙን ስክሪኑ ላይ ያሳያል።

5ኛ ደረጃ፦ ሮሞቹን ከማስገባታችሁ በፊት አጽዱ

ሮም የሌላችሁ ይህን ዝለሉት። ያላችሁ ግን እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ቆሻሻ ፎልደርን የትኛውም ሶፍትዌር ውብ አያደርገውም።

መጀመሪያ ፎልደሮቹን በኮንሶል ለዩ። ለሴጋ ለብቻ፣ ለፕሌይስቴሽን 1 ለብቻ፣ ለፕሌይስቴሽን 2 ለብቻ። ላውንችቦክስም ኢ.ኤስ-ዲ.ኢም የሚጠብቁት ይህን ነው።

ቀጥሎ ፋይሎቹ ትክክለኛ መሆናቸውን አረጋግጡ። ኖ-ኢንትሮ የካርትሪጅ፣ ሪዳምፕ የዲስክ ጌሞችን ትክክለኛ ቅጂ የሚመዘግቡ የበጎ ፈቃደኞች ሥራዎች ናቸው። ዝርዝራቸው ዳት በሚባል ፋይል ይወርዳል፤ በውስጡ የእያንዳንዱ ጌም ስም፣ መጠን እና ሃሽ አለ። ሃሽ ከፋይሉ ይዘት በሒሳብ የሚወጣ መለያ ነው፤ አንድ ባይት እንኳን ቢለወጥ መለያው ይለወጣል። ሮምቮልት የእናንተን ፋይሎች ከዳቱ ጋር አነጻጽሮ የቱ ትክክል እንደሆነ፣ የቱ እንደተበላሸ፣ የቱ ስሙ እንደተሳሳተ ይነግራችኋል። ትክክለኛ ስም ያለው ፋይል ትክክለኛ ሽፋን ያገኛል። የ4ኛው ደረጃ ራስ ምታት ግማሹ እዚህ ያልቃል። ሮምቮልት ፋይል ስለሚያንቀሳቅስ ግን መጀመሪያ በቅጂ ላይ ሞክሩት።

ቦታ ካጠበባችሁ የዲስክ ኢሜጆችን ሲ.ኤች.ዲ ወደሚባለው የታመቀ የፋይል ዓይነት ቀይሩ። ከማሜ ጋር የሚመጣው ሲኤችዲማን የሚባል መሣሪያ ይሠራዋል። መጠኑ ይቀንሳል፣ ከመረጃው ግን የሚጎድል ነገር የለም። ከመቀየራችሁ በፊት ግን የምትጠቀሙበት ኢሙሌተር ሲ.ኤች.ዲ እንደሚያነብ እዩ። የሃርድ ዲስኩ ፎርማት ፋት32 ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ አንድ ሙሉ የፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ኤክስፋት አድርጉት። ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድማችሁ ገልብጡ።

አሁንም በሽያጭ ላይ ያለ ጌም ከሆነ ግዙት። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም፣ ከራሳችሁ ዲስክ የተገለበጠ ቅጂ ከየትም ከወረደ ቅጂ ጋር እኩል አይታይም።

6ኛ ደረጃ፦ አካውንቶቹን አገናኙ፣ ዳታችሁን ቆጥቡ

አንድ አካውንት አገናኙ፣ ውጤቱን እዩ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ሁሉንም በአንዴ ካገናኛችሁ ስህተቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የስቲም ጌሞቻችሁ ካልመጡ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የፕሮፋይሉ ፕራይቬሲ ነው፤ የጌም ዝርዝር ለሌሎች እንዳይታይ ተዘግቶ ይሆናል። ኤክስቴንሽን የምታወርዱት ከሶፍትዌሩ የራሱ ዝርዝር ብቻ ይሁን። የስቲም ፓስወርዳችሁን ለማይታወቅ ፕሮግራም አሳልፋችሁ አትስጡ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ጌም ሽፋን፣ የጀርባ ሥዕልና መግለጫ ያወርዳል። ፕሌይናይት ይህን ከሚያመጣባቸው አንዱ፣ ከ2019 ጀምሮ የትዊች ንብረት የሆነው አይ.ጂ.ዲ.ቢ ነው። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆናችሁ ያልተገደበ ዋይፋይ ካላችሁ አትጨነቁ። በሞባይል ፓኬጅ የምትጠቀሙ ግን ተጠንቀቁ፤ ሺህ የጀርባ ሥዕል ፓኬጁን ይጨርሰዋል። ፕሌይናይት ሴቲንግ ውስጥ ጌም ሲገባ መረጃ ወዲያው እንዳይወርድ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ሽፋንና የወጣበትን ዓመት ብቻ መርጣችሁ አውርዱ። የጀርባ ሥዕሉ ይቅር። ላውንችቦክስ ደግሞ ቪዲዮ ጭምር ያቀርብላችኋል፤ ከቪዲዮው ጎን ያለውን ምልክት አጥፉ።

7ኛ ደረጃ፦ ጥቂት መለያ፣ ግን የምትጠቀሙበት

ዘውግ፣ አታሚ፣ ዓመት፣ እነዚህን ሶፍትዌሩ ይሞላል። የእናንተ ሥራ እሱ የማያውቀውን መጻፍ ነው። ፕሌይናይት ላይ እያንዳንዱ ጌም የደረሰበት ሁኔታ አለው፤ እየተጫወትኩ፣ ጨረስኩ፣ ተውኩት፣ ወደፊት የሚሉ። ይህን መጀመሪያ ሙሉ። አንድ ምሽት ይበቃል፣ ጥቅሙም ከሁሉም ይበልጣል።

ከዚያ ጥቂት ታግ ጨምሩ፤ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። «ከልጆች ጋር»፣ «ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ»፣ «አጭር»፣ «ለእንግዳ»። ታግ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ቅዳሜ ማታ ምን ልጫወት ስል በዚህ እፈልጋለሁ? መልሱ አይደለም ከሆነ ታጉ አያስፈልግም። «ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ» የሚለውን እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ኔትወርክ በሄደ ቀን ዋጋው ይታወቃል።

ማጣሪያዎቹን በስም አስቀምጡ። «ያለ ኢንተርኔት፣ ተጭኖ ያለ፣ ያልጨረስኩት» የሚለው በአንድ ጠቅታ ይመጣላችኋል።

8ኛ ደረጃ፦ ቀሪውን ከማስገባታችሁ በፊት መውጫውን ሞክሩ

ይህን በሰላሳዎቹ ጌሞች አድርጉት፤ ክምችቱ ሁሉ ከገባ በኋላ መሞከር ዘግይቷል። ፕሌይናይት ላይብረሪ በሚለው ሜኑ ስር የባክአፕ ምርጫ አለው፤ ዝርዝሩን ወደ ሲ.ኤስ.ቪ የሚያወጡ ኤክስቴንሽኖችም አሉት። ላውንችቦክስ ላይ ዳታ የሚለውን ፎልደር መገልበጥ ነው። ኤክሴል ከሆነ ፋይሉ ራሱ ባክአፕ ነው።

የወጣውን ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ። የጓደኛም ይሁን የቢሮ። ታጎቹ አሉ? የአማርኛ ፊደሎቹ በትክክል ይነበባሉ? ኤክሴል ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ወይም የተመሰቃቀለ ምልክት ከመጣ፣ ፋይሉን ስታስገቡ ዩ.ቲ.ኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ። ጨረስኩ ያላችሁት ጨረስኩ እንዳለ ነው? ከዚያ ባክአፑን ባዶ ሶፍትዌር ላይ መልሳችሁ ጫኑት።

ሁሉም ከተመለሰ ምርጫችሁ ትክክል ነው፤ ቀሪውን ክምችት ማስገባት ጀምሩ። ካልተመለሰ ወደ 3ኛው ደረጃ ተመልሳችሁ ሁለተኛውን እጩ በእነዚያው ሰላሳ ጌሞች ሞክሩ።